ሲሶው ከዋሽንግተን፣ ቀሪው ከኪስ፦ የሲንሲናቲ ትራም የጉዳይ ጥናት

አንድ ከተማ ከፌዴራል መንግሥት ድጎማ ሲመጣለት ይቀበል ወይስ ይተወው? ብዙ ሰው መልሱን ለመስጠት ጊዜ አይፈጅበትም። ገንዘቡ የሁላችንም ግብር ነው። እኛ ባንወስደው ሌላ ከተማ ይወስደዋል። ታዲያ ለምን እንተወው?

የኦሃዮዋ ሲንሲናቲ ከዚህ ጥያቄ ጋር የተፋጠጠችው ገንዘቡን ከተቀበለች፣ ለትራም፣ ማለትም በከተማ ጎዳና ላይ በሐዲድ ለሚሄድ ባቡር፣ መንገዱን ከቆፈረችና ሐዲድ መዘርጋት ከጀመረች በኋላ ነው። በ2013 መጨረሻ ላይ ምክር ቤቷ 45 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የፌዴራል ድጎማ ይዞ ይቀጥል ወይስ ይመልስ ብሎ ድምፅ ሰጠ። ጉዳዩን መመዝገብ የፈለግሁት፣ በድጎማ ክርክር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ተሸፋፍኖ የሚያልፈው ነገር ሁሉ እዚህ አደባባይ ስለወጣ ነው።

ሰዎቹን በስም አልጠራም፤ ሹመታቸው ይበቃል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## ከተማዋና አሮጌው ዋሻ

ሲንሲናቲ ከኦሃዮ ወንዝ ዳር ናት። በ1950 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት። በ2010ሩ ቆጠራ ግን 297 ሺህ ያህል ብቻ ቀርቷት ነበር። ሰዉ ወደ ዳርና ወደ አጎራባች ከተሞች ሲወጣ የመሐል ከተማው አሮጌ ሕንፃ ብዙው ባዶውን ቀረ። ድሮ ትራም ነበራት፤ የመጨረሻው በ1951 ቆመ።

ከተማዋ ከዚህ በፊትም ባቡር ጀምራ ትታ ታውቃለች። በ1916 መራጮች ለምድር ውስጥ ባቡር 6 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ አጸደቁ። ጦርነቱ መጣ፣ ዋጋ ናረ፣ ቁፋሮው የተጀመረው በ1920 ነው። ዋሻው ተቆፈረ፤ ጣቢያዎቹም ተሠሩ። ከዚያ ገንዘቡ አለቀ። አንድ ተሳፋሪ እንኳ ሳይጫንበት ቀረ። የቦንዱ ዕዳ ግን አልቀረም፤ ተከፍሎ ያበቃው በ1966 ነው። ዋሻው ዛሬም ሴንትራል ፓርክዌይ ከሚባለው ጎዳና ሥር አለ። በ2013ቱ ክርክር ሁለቱም ወገኖች ይህን ዋሻ ደጋግመው ይጠቅሱት ነበር። አንዱ ወገን «ያኔም እንዲህ ነው የተጃጃልነው» ሲል፣ ሌላው «ዳግመኛ ጀምረን እንተው?» ይላል።

አዲሱ የትራም ሐሳብ ከ2007 ጀምሮ መልክ ያዘ። መስመሩ ከወንዙ ዳር ተነሥቶ፣ የንግዱን መሐል ከተማ አልፎ፣ ኦቨር ዘ ራይን ወደሚባለው ሰፈር ይገባል። ከዚያ ሽቅብ ወደ ዩኒቨርሲቲውና ወደ ሆስፒታሎቹ ይወጣል። ኦቨር ዘ ራይን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጀርመን ስደተኞች የሰፈሩበት፣ በጡብ ሕንፃዎቹ የታወቀ ሰፈር ነው፤ ብዙው ቤት ተዘግቶ ነበር። የደጋፊዎቹ ክርክር ከመጓጓዣም በላይ ነው። አውቶቡስ ነገ መስመሩን ሊቀይር ይችላል፤ ሐዲድ ግን አይነቀልም። ስለዚህ ባለሀብት በሐዲዱ ተማምኖ አጠገቡ ይገነባል ይላሉ።

## ገንዘቡ እንዴት ተሰበሰበ

በ2010 ምክር ቤቱ የከተማዋን 64 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ አጸደቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የፌዴራል ትራንዚት አስተዳደር 25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሰጠ። ያን ዕለት ተመሳሳይ ድጎማ ካገኙት መካከል የቴክሳሷ ፎርት ወርዝ፣ የኖርዝ ካሮላይናዋ ሻርሎትና ሴንት ሉዊስ ይገኙበታል። ወደ ፎርት ወርዝና ወደ ሴንት ሉዊስ በኋላ እመለሳለሁ።

የኦሃዮ ግዛት ደግሞ 52 ሚሊዮን ዶላር ያህል ቃል ገብቶ ነበር። በ2011 አዲስ ገዥ ሥልጣን ሲይዝ የግዛቱ የትራንስፖርት ኮሚሽን ያንን ገንዘብ መልሶ ነሣ። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። ከተማዋ ዕቅዱን ከመሰረዝ ይልቅ አሳጠረችው። ሽቅብ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚወጣው ክፍል ተቆረጠ፤ ወደ ወንዙ የሚወርደውም ለጊዜው ቀረ። እንግዲህ ሥራ የሚበዛባቸው ሁለት ስፍራዎች ከነበሩት መስመር አንዱ ወደቀ ማለት ነው። ይህ የተሳፋሪ ግምቱን ምን ያህል እንደጎዳ ያን ጊዜ በቂ ውይይት የተደረገበት አይመስለኝም። የሁሉም ዓይን የነበረው ገንዘቡ ላይ ነው።

በ2011 መጨረሻ ታይገር ከሚባለው የፌዴራል ፕሮግራም 10.9 ሚሊዮን ተጨመረ። የወንዙ ዳር ክፍል ተመለሰ። ከዚያ ለአየር ጥራትና ለመንገድ መጨናነቅ ከሚመደበው የፌዴራል ገንዘብ 4 ሚሊዮን፣ በ2013 ደግሞ ከታይገር ሌላ 5 ሚሊዮን መጣ። ድምሩ 44.9 ሚሊዮን ዶላር ነው። ጠቅላላ በጀቱ በዚያ ዓመት 133 ሚሊዮን ገደማ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በየንግግሩ «የፌዴራል ገንዘብ የመጣለት ፕሮጀክት» ይባል ነበር። ድጎማው ግን ሲሶ ነው። ሁለት እጁ የከተማዋ ነው፤ አብዛኛውም ብድር ነው፣ ወለድ አለው። ድጎማው የፕሮጀክቱን አብዛኛውን ወጪ አልሸፈነም። ያደረገው ነገር ከተማዋ ያለ እሱ አትነካው የነበረውን ሥራ እንድትጀምር ማደፋፈር ነው።

## ድጎማው ይዞት የመጣው ገመድ

የፌዴራል የግንባታ ድጎማ በቼክ ተጽፎ እጅ ላይ አይሰጥም። በአብዛኛው ከተማዋ ሥራውን ታሠራለች፣ ትከፍላለች፣ ደረሰኟን ታቀርባለች፣ ከዚያ ድርሻው ይተካላታል። ስለዚህ ሥራው ሲጀመር የሚወጣው ቀድሞ የከተማዋ ገንዘብ ነው።

ሁኔታዎችም አሉት። ለሠራተኛ በአካባቢው የተለመደው የደመወዝ ልክ መከፈል አለበት። ትራሞቹ የአሜሪካን ምርት የሚያስቀድመውን ሕግ ማሟላት ነበረባቸው። ከስፔኑ አምራች የታዘዙት አምስት ትራሞች በኒው ዮርክ ግዛት፣ ኤልማይራ ውስጥ የተገጣጠሙት ለዚህ ነው። ይህ ሁሉ የታወቀ ነገር ነው፤ በዋጋው ውስጥ ይሰላል።

የማይሰላው ሌላው ነው። አንደኛ፣ ድጎማው የተወሰነ መጠን ነው። ግንባታው ከታሰበው በላይ ከፈጀ ዋሽንግተን ድርሻዋን አትጨምርም። እያንዳንዱ ትርፍ ዶላር መቶ በመቶ ከከተማዋ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ለግንባታና ለዕቃ ነው። ትራሙን ለሚነዳው፣ ለሚጠግነው፣ ለመብራቱ የሚሆን የለበትም። ሦስተኛ፣ በፌዴራል ገንዘብ የተገዛ ነገር የታሰበለትን ዕድሜ ማገልገል አለበት። ለባቡር ተሽከርካሪ ይህ ቢያንስ 25 ዓመት ነው። ከተማዋ መሐል ላይ «በቃን» ብትል የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት በቀሪው ዋጋ ልክ ድርሻዬን መልሺ ሊላት ይችላል።

እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ስናያቸው ድጎማ መቀበል ማለት የ25 ዓመት የሥራ ማስኬጃ ወጪ መፈረም ነው። የድጎማው ዜና ሲወጣ ግን ጋዜጣ ላይ የሚጻፈው የመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ነው።

## ችግሩ እንዴት ገነፈለ

ትራሙ ከመነሻው ጠላት አላጣም። ተቃዋሚዎች ጉዳዩን ሁለት ጊዜ ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡት፤ በ2009 እና በ2011። ሁለቱንም ጊዜ ተሸነፉ፤ ሁለተኛውን ግን በጠባብ ልዩነት። ደጋፊዎቹ «ሕዝቡ ሁለቴ ተናግሯል» አሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ከተማው መሐል ለመሐል ተከፍሏል አሉ። ሁለቱም ትክክል ነበሩ።

በ2012 ግንባታው በይፋ ተጀመረ። ቀጥሎ የጨረታው ዋጋ ሲከፈት ከግምቱ በእጅጉ አለፈ። በ2013 ሰኔ ምክር ቤቱ 17.4 ሚሊዮን ዶላር ለመጨመር ተገደደ። ድምፁ 5 ለ4 ነበር። ከሥር ያለውን የጋዝና የመብራት መስመር ለማዛወር የሚያስፈልገውን 15 ሚሊዮን ያህል ማን ይክፈል በሚለው ከተማዋና የኃይል ኩባንያው ፍርድ ቤት ገቡ። በየዓመቱ 4 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ለሚፈጀው የሥራ ማስኬጃ ደግሞ ቁርጥ ያለ ምንጭ አልነበረም። ከመኪና ማቆሚያ፣ ከቲኬት፣ ከማስታወቂያ ይመጣል ይባል ነበር። ይባል ነበር እንጂ አልታሰረም።

በዚህ መሐል ምርጫ መጣ። በኖቬምበር 2013 «ትራሙን አስቆማለሁ» ብሎ የተወዳደረው ዕጩ በሰፊ ልዩነት ከንቲባ ሆነ። ዘጠኝ አባላት ባሉት አዲሱ ምክር ቤትም ተቃዋሚዎች አብላጫ ያዙ። አዲሶቹ ተሿሚዎች ሥራ ሲጀምሩ ኤልም ስትሪት ላይ ሐዲዱ ኮንክሪት ውስጥ ተቀብሯል፣ ትራሞቹ ታዘዋል፣ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቷል፣ የሥራ ተቋራጩ ውል ተፈርሟል።

## ዲሴምበር 2013

የመጀመሪያው እርምጃ ሥራውን ማቆም ነበር። ዲሴምበር 4 ምክር ቤቱ 5 ለ4 ግንባታው ለጊዜው እንዲቆም ወሰነ። ምክንያቱ ምክንያታዊ ነው፦ መጨረስ ስንት ይፈጃል፣ መተውስ ስንት? ሁለቱንም በገለልተኛ ኦዲተር እናስቆጥር። የፕሮጀክቱ ኃላፊዎች ቀድሞ ያቀረቡትን ቁጥር ተቃዋሚዎቹ አላመኑትም ነበር። «ሥራውን የሚመራው ሰው ሥራው ይቅር ይላል?» ነው ነገሩ።

ዋሽንግተን ግን የከተማዋን የምርጫ ውጤት አይታ አልጠበቀችም። የትራንዚት አስተዳደሩ በደብዳቤ ነገሩን ግልጽ አደረገ። ፕሮጀክቱ ከቀረ 41 ሚሊዮን የሚጠጋው ገንዘብ ይቀራል፤ ከእሱ ላይ አስቀድሞ የተከፈለውንም ከተማዋ ትመልሳለች። ቀሪው 4 ሚሊዮን ወደ ግዛቱ ይሄዳል። ገንዘቡን ወደ ሌላ የሲንሲናቲ ሥራ ማዞር ይቻል እንደሆነ ሲጠየቅም መልሱ አይቻልም ሆነ፤ ለሌላ ከተማ ይሰጣል። ከዚያ ቀነ ገደብ ተቀመጠ፦ ዲሴምበር 19፣ እኩለ ሌሊት።

ደጋፊዎች በበኩላቸው ዝም ብለው አልተቀመጡም። ትራሙ እንዲጠናቀቅ በቻርተር (በከተማዋ መተዳደሪያ ሕግ) ማሻሻያ የሕዝብ ድምፅ ይሰጥበት ብለው በብርድ ከቤት ቤት ዞረው ከ11 ሺህ በላይ ፊርማ አሰባሰቡ። ከንቲባው የሥራ ማስኬጃውን ወጪ የግል ወገን ከተሸከመ ሐሳቤን አስተካክላለሁ የሚል በር ከፈተ። እኔ ከጠቅላላው ጉዳይ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው። ለሦስት ዓመት ስለ ግንባታ ሲጨቃጨቁ ከቆዩ በኋላ ክርክሩ መጀመሪያ መነሣት በነበረበት ጥያቄ ላይ አረፈ፦ ማን ያንቀሳቅሰዋል? አንድ የአካባቢው በጎ አድራጊ ድርጅት በዓመት 900 ሺህ፣ በ10 ዓመት 9 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል ገባ።

ኦዲቱ ቀነ ገደቡ ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው ወጣ። ለማጠናቀቅ ከተማዋ ወደ 69 ሚሊዮን ዶላር ይቀራታል። ለመሰረዝ ደግሞ ከ16.3 እስከ 46.1 ሚሊዮን። ልዩነቱ የሰፋው የሥራ ተቋራጮች ክስና ካሣ የት እንደሚደርስ ማንም ስለማያውቅ ነው።

ቁጥሩን ሁሉም እንደፈለገው አነበበው። በደረቁ ካሰላነው መሰረዝ ከ23 እስከ 53 ሚሊዮን ዶላር ያድናል። የሥራ ማስኬጃው ወጪም ይቀራል። ግን በዚያ ገንዘብ የሚገኘው የተቆፈረ መንገድ፣ የማያልቅ ክስና ለትራሞቹ የሚከፈል ካሣ ነው። የወጣው 34 ሚሊዮን ግድም በሁለቱም በኩል ሂሳብ ውስጥ መግባት አልነበረበትም፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ሆኖም በየስብሰባው በጣም የሚጮኸው እሱ ቁጥር ነበር። «ይህን ሁሉ አውጥተን?» የሚለው ስሜት ከማንኛውም ሠንጠረዥ ይበረታል።

ዲሴምበር 19 ሐሙስ ነበር፤ ነገሩ በእውነትም አንድ ሐሙስ ነው የቀረው። ከሁለት ሳምንት በፊት ይቁም ካሉት አባላት ሁለቱ ሐሳባቸውን ቀየሩ። ድምፁ 6 ለ3 ሆነ። ስድስት ድምፅ ደግሞ የከንቲባውን ቪቶ፣ ማለትም የምክር ቤቱን ውሳኔ የመጣል ሥልጣኑን፣ የሚሽር ቁጥር ነው። ከንቲባው ሽንፈቱን ተቀበለ። ሥራው ቀጠለ።

## ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

ትራሙ በሴፕቴምበር 9 ቀን 2016 ተከፈተ። መስመሩ 3.6 ማይል ዙሪያ ነው። የመጨረሻው ወጪ 148 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው ይባላል፤ ድጎማው ከሲሶም በታች ወረደ ማለት ነው። በነፃ በተሰጠው የመክፈቻ ቅዳሜና እሑድ ከ50 ሺህ በላይ ጉዞ ተቆጠረ። ቲኬት መሸጥ ሲጀመር ግን የተሳፋሪው ቁጥር ከተተነበየው በታች ሆነ።

ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹም የሚያናድዱ። የትራፊክ መብራቶቹ ለትራሙ ተብለው ስላልተስተካከሉ በየመገናኛው ይቆም ነበር። የቲኬት ማሽኖቹ በየጊዜው ይበላሹ ነበር። በክረምት ብርድ ተሽከርካሪዎቹ ይቆሙ ነበር። ደግሞ ሐዲድ መሪ የለውም። አንድ ዕቃ የሚያራግፍ መኪና ጎማው ከነጩ መስመር ትንሽ ካለፈ ትራሙ ባለመኪናው እስኪመጣ ወይም ጎታች መኪና እስኪደርስ ደወሉን እየደወለ ይቆማል። ከኋላው ያሉትም ይቆማሉ። በ148 ሚሊዮን ዶላር የተሠራ ነገር አንድ ሰው ቡና እስኪገዛ ሲጠብቅ ማየት ለተቃዋሚዎቹ ትልቅ ስንቅ ነበር።

አስተዳደሩም የተመቸ አልነበረም። ባለቤቷ ከተማዋ፣ አንቀሳቃሹ የክልሉ ትራንዚት ባለሥልጣን፣ ከሥሩ ደግሞ ሌላ ተቋራጭ። አንድ ነገር ሲበላሽ ጣት መቀሳሰር ነው። በኋላ ከተማዋ አስተዳደሩን በቀጥታ ተረከበች።

የሠራውም አለ። ለሥራ ማስኬጃው አንድ ብልሃት ተገኘ። በመስመሩ አካባቢ የሚገነቡና የንብረት ግብር ቅናሽ የሚያገኙ ባለሀብቶች ከሚቀርላቸው ግብር ላይ የተወሰነ መቶኛ ለትራሙ በፈቃዳቸው እንዲያዋጡ ውል ተፈጠረ። የሕንፃው ዋጋ በትራሙ ምክንያት ይወጣል ከተባለ ከዚያው ላይ ይከፈል ነው ሐሳቡ። ይህ ዘዴ የመጣው ከዲሴምበሩ ፍጥጫ በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል። ትራሙ በሰላም ጸድቆ ቢሆን ኖሮ የሚያስብበት ሰው መገኘቱን እጠራጠራለሁ።

ሌላው የሠራው ቲኬቱን መተው ነው። ትራሙ በ2020 በወረርሽኙ ከቆመ በኋላ ሲመለስ ምክር ቤቱ ነፃ እንዲሆን ወሰነ። ከቲኬት የሚገኘው ቀድሞም ከወጪው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነበር። ማሽኖቹን መጠገንም ቀረ። በ2023 የጉዞዎቹ ቁጥር ከ1 ሚሊዮን አለፈ። ይህ ፕሮጀክቱ ትክክል እንደነበር ያሳያል? ነፃ በመሆኑ የመጣ ሰው ነው የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። ግን ባዶውን ከሚዞር ሞልቶ ቢዞር ይሻላል። ኦቨር ዘ ራይን በእርግጥ ተለውጧል፤ ምን ያህሉ በትራሙ፣ ምን ያህሉ ከዚያ በፊት በተጀመረው የሕንፃ እድሳት እንደሆነ ግን ለመነጠል ያስቸግራል። ሽቅብ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚወጣው ክፍል አልተሠራም።

## ያንኑ ድጎማ ያገኙ ሁለት ሌሎች ከተሞች

ፎርት ወርዝ በ2010 ያገኘችው ድጎማ ከሲንሲናቲ ጋር እኩል ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ምክር ቤቷ የትራሙን ሐሳብ ተወው፤ ገንዘቡም ቀረ። ቁፋሮ አልተጀመረም፤ ትራም አልታዘዘም። ሳምንት ሁለት ሳምንት ተወርቶበት አለፈ። ያን ጊዜ «25 ሚሊዮን ዶላር የጣለች ከተማ» ተብላ ተተችታለች። አምስት ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ እምቢ ያለ ከተማና ከሦስት ዓመት በኋላ እምቢ ሊል የሞከረ ከተማ የከፈሉትን ሳነጻጽር ትችቱ ብዙም አይገባኝም።

የሴንት ሉዊሱ ተቃራኒው ነው። ከአንድ ፓርክ ዳር ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲ ሲቲ ወደምትባለው ጎረቤት ከተማ የሚሄድ 2.2 ማይል መስመር፣ የጥንት መልክ ባላቸው ትራሞች፣ በ2018 ኖቬምበር ተከፈተ። የማያዘልቅ ማኅበር በጠጅ ይጀመራል እንዲሉ፣ ምረቃው ደማቅ ነበር። በ2019 ዲሴምበር መጨረሻ የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ አልቆ ቆመ። አንድ ዓመት ከአንድ ወር መሆኑ ነው። ከዚያ የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ወይ አንቀሳቅሱት ወይ ገንዘቡን መልሱ አለ፤ ለወደፊቱ የአካባቢው ድጎማም ጠባሳ እንደሚሆን አስጠነቀቀ። በ2022 የክልሉ ትራንስፖርት ድርጅት ተረክቦ በሳምንት ጥቂት ቀናት፣ በነፃ ማስኬድ ጀመረ። ለሚጓዘው ሰው ታስቦ ነው ለማለት ይከብዳል። ዕዳው እንዳይጠየቅ ነው የሚሄደው።

## ለሌላ ከተማ የሚተርፍ

ከዚህ ጉዳይ የምወስደው ዋና ነገር የጊዜ ጉዳይ ነው። ድጎማን እምቢ ማለት ዋጋ አለው፤ ዋጋው ግን በየፊርማው ያድጋል። የድጎማው ዜና ሲመጣ ዋጋው ትንሽ ፖለቲካዊ ውርደት ነው። የድጎማው ውል ሲፈረም ይጨምራል። ዕቃ ሲታዘዝ ይጨምራል። ተቋራጭ ሲገባ ደግሞ ገለልተኛ ኦዲተር እንኳ በ30 ሚሊዮን ዶላር ስፋት ካልሆነ ሊገምተው የማይችል ነገር ይሆናል። ሲንሲናቲ የመውጫውን ዋጋ በገለልተኛ ሰው ያስቆጠረችው በመጨረሻው ሰዓት ነው። ያንኑ ስሌት ከእያንዳንዱ ፊርማ በፊት ማሠራት ይቻል ነበር። ወጪውም ከጠቅላላው ጋር ሲታይ ኢምንት ነው።

ለምክር ቤት በሚቀርበው ሰነድ ላይ የድጎማው መጠን ከፊት መጻፉ ራሱ ያሳስታል። ከፊት መጻፍ ያለበት የከተማዋ ድርሻ ነው፤ ከወለዱ ጋር። ከሥሩ የሥራ ማስኬጃው፣ ዕቃው ማገልገል ባለበት ዓመት ልክ ተባዝቶ። የድጎማው ቁጥር ከዚያ በኋላ ይምጣ። «ያለ ድጎማው ይህን ሥራ እንሠራው ነበር?» ለሚለው መልሱ አይደለም ከሆነ፣ ድጎማው የከተማዋን ቅደም ተከተል እየቀየረው ነው። ያ ሁልጊዜ መጥፎ አይደለም። ግን ታውቆ መሆን አለበት።

የሥራ ማስኬጃው ምንጭ ድጎማውን በሚቀበለው ውሳኔ ውስጥ በስም መግባት አለበት። «ከመኪና ማቆሚያና ከልዩ ልዩ ገቢ» የሚል ዐረፍተ ነገር ምንጭ አይባልም። የትኛው ገቢ፣ በየትኛው ደንብ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ከታሰበው ባያመጣ ቀጥሎ የሚነካው የትኛው ሒሳብ ነው? ሴንት ሉዊስ ላይ የጎደለው ይህ ነው። ሲንሲናቲ ላይም ጎድሎ ነበር፤ በጭንቀት ሰዓት ተሞላ።

የ5 ለ4 ድምፅ ለዓመት በጀት ይበቃል። ለ25 ዓመት ግዴታ ግን ቀጭን ነው። አንድ ወንበር ሲቀየር ከተማው ሙሉ ወደኋላ ሊመለስ ይችላል፤ ሲንሲናቲ ላይም ሆኗል። ሕግ የሚጠይቀው ተራ አብላጫ ቢሆንም፣ ረጅም ግዴታ ያለበትን ድጎማ ለመቀበል ቪቶ የሚሽረውን ያህል ድምፅ እስኪገኝ መጠበቅ የሚሻል ይመስለኛል። የሚዘገየው ጥቂት ወር ነው። የማይገኝ ከሆነም በፎርት ወርዝ ዋጋ መውጣት ይቻላል።

በ2013 ትራሙን የመጨረሱ ውሳኔ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ በዚያ ሰዓት በጠረጴዛው ላይ ከነበሩት ሁለት አማራጮች። በ2010 ድጎማውን በነበረበት ሁኔታ መቀበሉ ግን ትክክል ነበር አልልም። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። በክርክሩ ወቅት ተቃዋሚዎቹ በ2013 የ2010ን ጥያቄ ሲጠይቁ፣ ደጋፊዎቹ ደግሞ በ2013ቱ መልስ የ2010ን ውሳኔ ሲያጸድቁ ነበር።

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። የድጎማ ውል ሲመጣ አብዛኛው የምክር ቤት አባል የሚያየው የሁለት ገጽ ማጠቃለያ ነው። ሙሉው ውልና እሱ የሚጠቅሳቸው የፌዴራል መመሪያዎች ከከተማው የሕግ ክፍል ጋር ናቸው። ድምፅ ከመስጠቱ በፊት አንድ አባል ለሕግ ክፍሉ በጽሑፍ አንድ ጥያቄ ቢያቀርብ ይበቃዋል፦ አገልግሎቱን በስምንተኛው ዓመት ብናቆመው ስንት ዶላር እንመልሳለን? መልሱ በቁጥር ካልመጣ አጀንዳው ለቀጣዩ ስብሰባ ይደር።